ሰንሰለት ጠባቂ አያሳድግም

«ቡችላን ከልጅነቱ እሰረው፤ ሰው አታስለምደው፤ ያኔ ኃይለኛ ይወጣዋል።» አዲስ አበባ ውስጥ ቡችላ ወደ ግቢው ያስገባ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። ጎረቤት ይለዋል፣ ዘበኛ ይለዋል፣ ቡችላውን የሸጠለት ሰው ራሱ ገንዘቡን ተቀብሎ ሲሄድ ይለዋል። ሁለት ወር ያልሞላው እንስሳ በማግስቱ አንገቱ ላይ ገመድ ይገባለታል። ገመዱን አኝኮ ሲበጥስ ሰንሰለት ይተካል፤ ከአጥሩ ጥግ የቆርቆሮ ቤት ይሠራለታል፤ በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ያ ውሻ የሚያውቀው ዓለም ሰንሰለቱ የሚደርስበትን ያህል ነው።

ይህ ምክር ከሥሩ ስህተት ነው። ለውሻው አዝናለሁ፤ ማዘኔንም አልደብቅም። ግን ክርክሬ በርኅራኄ ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። ምክሩ የሚጎዳው የግቢውን ልጆች፣ እንግዳውንና መንገደኛውንም ነው። የከፋው ደግሞ አሳሪው የፈለገውን ጥበቃ እንኳ አያስገኝለትም።

አሳሪዎቹ የሚሉትን ሳላሳንስ ላስቀምጠው። የከተማ ኑሮ ስጋት አለበት። ሌባ አጥር ይዘላል፤ ዘበኛ ለመቅጠር ሁሉም አቅም የለውም፤ ውሻ አቅም የሌለው ሰው ዘበኛ ነው። ሰው የለመደ ውሻ ለሌባም ጅራቱን ይቆላል፣ ስለዚህ ሰው ሳይለምድ ማደግ አለበት ይላሉ። ግቢው ጠባብ ነው፤ በአንድ ግቢ ሦስትና አራት ተከራይ ይኖራል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ልቅ የሆነ ውሻ ሰው ቢነክስ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። ይህ እውነት ነው፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ ያመለጠ ቢሆን እንኳ። በዚህ ላይ ልማዱና ሃይማኖቱ አለ። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት የውሻ ቦታው ደጅ ነው። «ውሻ የማሳድገው ላቅፈው ሳይሆን እንዲጠብቀኝ ነው» የሚል ሰው ምን እንደሚፈልግ በሚገባ ያውቃል። እኔም ልከራከረው የምፈልገው በዚሁ በራሱ መለኪያ ነው። ውሻው ደጅ ይደር፤ ሶፋ ላይ ይውጣ ያለ የለም። ግን ይጠብቅ።

ጥበቃ ምንድን ነው? መለየት ነው። የቤቱን ሰው ከእንግዳው፣ በር አንኳኩቶ የሚገባውን በአጥር ከሚዘለው፣ የቀኑን ኮቴ ከሌሊቱ ኮቴ መለየት ነው። እንግዳ ነገርን ለመለየት ደግሞ አስቀድሞ የተለመደውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው አይቶ የማያውቅ ውሻ ክፉውን ከደጉ በምን ይለየዋል? ለእሱ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሠራተኛ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣችው አክስት፣ ኳሱ አጥር ዘልሎበት የገባው የጎረቤት ልጅና ሌባው አንድ ናቸው። ሁሉም ያስፈሩታል፤ በሁሉም ላይ ይጮኻል። ቀንም ሌትም በሁሉ ላይ የሚጮኽ ውሻ ለባለቤቱ ምን ይነግረዋል? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲጮኽ ከአልጋው ተነስቶ በመስኮት የሚያየው ማን ነው? «ዝም በል!» ይባላል፤ ሰው ተገላብጦ ይተኛል። ሌባው የገባው የዚያን ሌሊት ቢሆንም ባይሆንም ጩኸቱ ያው ነው።

ይህ ከተፈተነ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1961 ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤሊየት የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ ያካሄዱትን ሙከራ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ቡችላዎችን ከእናታቸው ጋር በረጅም አጥር በተከለለ መስክ፣ ሰው እንዳያዩ አድርገው አሳደጉ። ከፊሎቹን በተለያየ ዕድሜ ለአንድ ሳምንት እያወጡ ከሰው ጋር አዋሏቸው፤ ጥቂቶቹን ግን እስከ 14ኛው ሳምንት ማንም ሳይነካቸው ተዋቸው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ከዚያ በኋላ በብዙ ማባበል እንኳ ሰው የማይቀርባቸው፣ የዱር አውሬ ያህል የሚሸሹ ሆኑ። በዚያው ላቦራቶሪ ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር ለዓመታት ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ ሲያወጡም የደረሱበት ይኸው ነው፦ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላ ወዳጁ ማን እንደሆነ፣ የቱ ድምፅ የቤቱ እንደሆነ፣ የትኛው ነገር እንደማያስፈራ የሚማርበት ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ያላየው ነገር ሁሉ ያስፈራዋል።

ታዲያ እኛ ቡችላውን ከአጥር ጥግ የምናስረው መቼ ነው? ልክ በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ከሕይወቱ ሁሉ የሚበልጠውን አንድ ትምህርት የሚማርበትን ጊዜ በቆርቆሮ ቤት እናሳልፍበታለን፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣውን የሚንቀጠቀጥ፣ ጥርሱን የሚያሳይ እንስሳ «ኃይለኛ» ብለን እንጠራዋለን። ኃይለኛ አይደለም። ፈርቷል።

የፈራ እንስሳ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ መሸሽ ወይም መናከስ። ሰንሰለቱ መሸሹን ወስዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የዴንቨር ከተማ ጥናት የነከሱ ውሾችን ካልነከሱት ጋር አነጻጽሮ፣ በግቢ ታስሮ መዋል ከመንከስ ጋር አብሮ የመገኘቱ ዕድል ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። «ስለሚናከሱ ነዋ የታሰሩት!» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እንዲህ ያለው ጥናት ብቻውን የትኛው እንደቀደመ አይነግረንም። ግን የስምንት ሳምንት ቡችላ ሲታሰር ማንን ነክሶ ነበር? ገና የወተት ጥርሱን እንኳ አልቀየረም። እሱን በተመለከተ የትኛው እንደሚቀድም ክርክር የለበትም፤ ሰንሰለቱ ቀድሟል።

ደግሞ የሚነከሰው ማን እንደሆነ እናስብ። ሌባው አይደለም፤ ሌባ ከሰንሰለት ውሻ አጠገብ አይቆምም። የሚነከሰው የሰንሰለቱን ልክ የማያውቅ፣ ኳሱ ወደ ውሻው ቤት የተንከባለለችበት ሕፃን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

«ከለመደ ጥበቃው ይሞታል» ለሚለው መልስ ለመስጠት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ መልሱ ከአፍሪካ ነው። ናሚቢያ ውስጥ ላውሪ ማርከር የመሠረተችው የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአርቢዎች የአናቶሊያ እረኛ ውሾችን ይሰጣል። እነዚህ ውሾች ፍየልና በግ ከአቦሸማኔ፣ ከነብርና ከቀበሮ ይጠብቃሉ። ነብር ፊት የሚቆም ውሻ እንዴት ያደገ ይመስላችኋል? ቡችላው ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው በረት ይገባል። ከግልገሎቹ ጋር ይተኛል፣ ሽታቸውን ይለምዳል፣ ከእነሱ ጋር ለግጦሽ ይወጣል። ማንም ነብርን እንዲጠላ አላስተማረውም። ፍየሎቹ ቤተሰቡ ስለሆኑ ብቻ፣ እንግዳ ነገር ሲጠጋቸው ይነሳል። ጥበቃውን የወለደው መልመዱ ነው። ሰንሰለት ላይ ያደገ ውሻ ግን ከዚያ ቤተሰብ ጋር ምን ያገናኘዋል? በቀን አንድ ጊዜ ትራፊ ከሚወረውርለት እጅ በቀር ማንን ያውቃል? «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት አበው ውሻ የሚጮኸው የእኔ ለሚለው ቤት መሆኑን አይተው ነው።

አበውን ካነሳን አይቀር፣ «አባቶቻችንም ያሳደጉት እንዲህ ነው» የሚለውንም እንየው። አባቶቻችን በአብዛኛው እንዲህ አላሳደጉም። የገጠሩ ውሻ ከእረኛው ልጅ ጋር ይውላል፣ ከከብቱ ጋር ወደ ቤት ይመለሳል፣ ሲመሽ ከበረቱ ደጅ ተጋድሞ ጅብ ያባርራል። ከቡችላነቱ ጀምሮ ሕፃናት ጅራቱን ጎትተውታል፣ ጥጃ ረግጦታል፣ የጎረቤቱን ሰው ሁሉ በሽታው ያውቃል። መንገደኛ ከሩቅ ብቅ ሲል ይነሳና ይጮኻል፤ ባለቤቱ «ተው!» ሲለው ይመለሳል። ያንን ውሻ ጠባቂ ያደረገው ሰንሰለት አልነበረም። የገጠሩን አያያዝ ላወድስ አይደለም፤ እዚያም ውሻ በድንጋይ ይመታል፣ ሳይከተብ ኖሮ ሳይከተብ ይሞታል። ግን ቡችላን ከሰው ለይቶ ማሰር በአባቶች ስም ሊቀርብልን አይገባም። የጠባብ የከተማ ግቢ ልማድ ነው፤ ዕድሜውም አጭር ነው።

ከማሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ምክር አለ፤ ምግብን ይመለከታል። «ጥሬ ሥጋ ብቻ ስጠው፣ በርበሬ ነስንስበት፣ አልፎ አልፎ አስርበው፤ ደም የለመደ ውሻ አይፈራም።» በተለይ ጀርመን ሼፐርድ የገዛ ሰው ይህን ይሰማል፤ ገንዘብ ያወጣበትን ቡችላ እግር የሚያጎብጠውም በዚሁ ምክር ነው። ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ነው። በሥጋ ብቻ የሚያድግ ቡችላ ሰውነቱ የጎደለውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቱ ይወስዳል፤ አጥንቱ ይሳሳል፤ እግሩ ይጣመማል፤ ከትንሽ ከፍታ ሲዘል ይሰበራል። በርበሬውም አፉንና ጨጓራውን ያቃጥለዋል እንጂ ድፍረት አይሆነውም። የወጥ ትራፊውን የምንደፋለትም ቆም ብለን እናስብ፤ ሽንኩርት፣ የበሰለውም ጭምር፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ቡችላ የሚፈልገው ቀላል ነው፦ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ የተቀቀለ ሥጋ፣ ከእንጀራ ወይም ከሩዝ ጋር፣ እንቁላል፣ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ፣ ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ። ቤት ያለው ምግብ ካልሲየሙን ስለማያሟላ፣ አቅም ያለው ለቡችላ የተዘጋጀውን ምግብ ቢገዛ፣ የሌለው ደግሞ ካልሲየሙን እንዴት እንደሚያሟላ ሐኪም ቢጠይቅ ይበጃል። የተዘጋጀውን የሚያበላ ሰው ግን በላዩ ካልሲየም አይጨምር፤ ትልቅ ዝርያ ላለው ቡችላ ትርፉም ጉዳት ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ የሰው ሕይወት አለበት። ለበዓል በግ ወይም ቅርጫ ታርዶ ሳምባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ፣ «ይሄ አይበላም፤ ለውሻው ጣለው» ይባላል። ከዚህ የከፋ ምክር የለም። ያ ከረጢት የትል እጭ የያዘ ነው። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ትሉ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ከአፈሩና ከጠጉሩ ላይ ይቀራል፤ ውሻውን የነካ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉን ይውጠዋል። ከዚያ በልጁ ጉበት ወይም ሳምባ ውስጥ ያው ከረጢት ዓመታት ወስዶ ቀስ እያለ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ከረጢት ያለበት የሆድ ዕቃ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የታረደ ለት ደግሞ ሰው ሁሉ በግቢው አለ። ቡችላው ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ የሚይዘው ሌላ ትልም አለ፤ ስለዚህ የትል መድኃኒቱ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ 8ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በየወሩ እስከ ስድስት ወር ይሰጠዋል።

እስካሁን የተከራከርኩት ከሰንሰለቱ ጋር ነው። ሰንሰለት የሌለው፣ ግን ወደዚያው የሚያደርስ ሌላ አስተያየት አለ፤ ይህኛው በተማሩ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው። «ክትባቱ እስኪያልቅ ከግቢ አይውጣ፣ ማንም አይንካው።» ለዚህ ምክር አክብሮት አለኝ፤ ከኋላው እውነተኛ ጠላት አለና። ፓርቮ የተባለው ቫይረስ ቡችላን በደም ተቅማጥና በትውከት በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድላል፤ በአፈር ላይ ለወራት ይቆያል፤ በጫማ ታዝሎ ግቢ ይገባል። ክትባቱም በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው፣ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ በየጥቂት ሳምንቱ እየተደጋገመ እስከ 16ኛው ሳምንት መድረስ አለበት። ግን እስከ 16ኛው ሳምንት ዘግተን ከጠበቅን የሰው መልመጃው ጊዜ አልፏል። ከፓርቮ ያዳንነውን ቡችላ ዕድሜ ልክ ለሚፈራ ሕይወት አሳልፈን ሰጠነው ማለት ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር ቡችላ የመጀመሪያውን ክትባት ከወሰደ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ከ7ኛና ከ8ኛ ሳምንቱ ጀምሮ ከሰውና ከዓለም ጋር መተዋወቅ እንዲጀምር የሚመክረው ለዚህ ነው።

ሁለቱ ይታረቃሉ። ያልተከተበ ቡችላ የሰፈር ውሾች የሚውሉበትን አፈር አይርገጥ፤ ግን በእጅ ታቅፎ በር ላይ ቢቆም ምን ይነካዋል? ታክሲው ሲያልፍ፣ ባጃጁ ሲጮኽ፣ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላ የለበሱ ሰዎች ሲመለሱ፣ ከመስጊድ አዛን ሲሰማ፣ ዣንጥላ ሲዘረጋ፣ በክራንች የሚሄድ ሰው ሲያልፍ ይይ። ጎረቤት ጫማውን አውልቆ እጁን ታጥቦ ይግባና ቁራሽ ይስጠው። ልጆች ቁጭ ብለው አብረውት ይጫወቱ፤ ሲተኛ ይተዉት። የተከተበና ጤነኛ የጓደኛ ውሻ ካለ ይተዋወቁ። ቡችላው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ስምንት ሳምንት እስኪሞላው መቆየቱም የዚሁ ትምህርት ክፍል ነው። በመንገድ ዳር የሚሸጡት ብዙ ቡችላዎች ዓይናቸው ከተገለጠ ብዙም ያልቆዩ ናቸው፤ «ትንሽ ሆኖ ከመጣ ይለምድሃል» ይባላል። ወንድሙን ጠንክሮ ሲነክሰው ወንድሙ ጮኾ ጨዋታውን የሚተወው፣ በዚያም ጥርሱን መመጠን የሚማረው ከእነሱ ዘንድ ነው። ያንን ትምህርት ሳይጨርስ የመጣ ቡችላ በእናንተ ልጅ እጅ ላይ ሊማር ይጀምራል።

«ታስሮ የሚውል ውሻ እብደት ከየት ይይዘዋል?» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ከአጥር ሥር ሾልኮ ከገባው፣ ሌሊት በግቢው ካለፈው ከታመመ ውሻ ይይዘዋል። ልቅ የሆነው ሊሸሽ ይችላል፤ የታሰረው ግን ቆሞ ይነከሳል። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎችን ይገድላል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በአፍሪካና በእስያ ናቸው፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም ሐኪሙ ባለው ጊዜ ይቀጥላል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ወዲያውኑም ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል። የአዲስ አበባ ሰው «ፓስተር ውሰዱት» ሲል የኖረው ለዚህ ነው። ጸበሉም ጸሎቱም ከክትባቱ ጋር ይሂድ፤ ክትባቱን ግን ማንም አያስቀረው።

ስለ እንቅስቃሴም የሚባለው ከሁለት ጫፍ የወጣ ነው። አንዱ ቡችላውን ስድስት ቀን አስሮ በሰባተኛው ቀን አስፋልት ላይ ከብስክሌት ጋር ያስሮጠዋል፤ «ጉልበት እንዲያወጣ» ነው። ሌላው ጨርሶ አያንቀሳቅሰውም። ሁለቱም የሚያድገውን አጥንት አያውቁትም። የቡችላ ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ገና ለስላሳ ነው፤ አጥንቱ የሚረዝመው ከዚያ ነው። በብዙ ውሾች እስከ ዓመት ገደማ፣ በትልልቅ ዝርያዎች እስከ 18 ወር ድረስ ላይጸና ይችላል። በገመድ ተጎትቶ፣ በደረቅ መሬት፣ ባለቤቱ እስኪበቃው የሚሮጥ ቡችላ ያንን ለስላሳ ቦታ ይጎዳዋል። በራሱ ፈቃድ የሚሮጥ ግን ሲደክመው ይቆማል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የኖርዌይ ጥናት በአራት ትልልቅ ዝርያዎች ላይ ይህን ልዩነት አሳይቷል። ከውልደታቸው እስከ ሦስት ወራቸው በየቀኑ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ቡችላዎች የዳሌ መገጣጠሚያቸው የመበላሸት ዕድል ከፍ ያለ ነበር። በዚያው ዕድሜ ሳይታሰሩ ለስለስ ባለና ወጣ ገባ በሆነ መስክ የሚንቀሳቀሱት ደግሞ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር። ይህ ግኝት ለእኛ ከተማ የተጻፈ ይመስለኛል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለበት፣ ቡችላ የሚያሳድግ ሰው ብዙ ነው። ያ ሰው ቡችላውን በደረጃው ላይ በክንዱ ይሸከመው፤ ታች ሲደርስ ሣር ላይ ያውርደውና ይልቀቀው። መሬት ቤት ያለው ደግሞ ሰንሰለቱን ያንሳ። የኖርዌዮቹን ጥናት ለአሳሪው ብናነብለት፣ መሮጥ የሚያስፈልገውን አጥንት በሁለት ሜትር ክብ ውስጥ እያጎሳቆለ መሆኑን ያይ ነበር። አንገቱ ሲያድግ ሰንሰለቱ አብሮ ስለማያድግ ሥጋው ውስጥ የሰረገበትን ውሻ ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

ስንት ደቂቃ ይንቀሳቀስ? በየወሩ ዕድሜው አምስት አምስት ደቂቃ የሚል ቀመር ይነገራል፤ በጥናት የቆመ አይደለም። ቡችላውን ማየት ይበልጣል። ሲቀመጥ፣ ሲጋደም፣ ወደ ኋላ ሲቀር በቃው። በቀን አራት አምስት ጊዜ አጭር ጨዋታ፣ በመሐሉ ረጅም እንቅልፍ፤ ቡችላ በቀን 18 ሰዓትና ከዚያም በላይ ቢተኛ ጤነኛ ነው። ቀትር ላይ ጥላ ይሁን። ከፒክ አፕ ላይ ዝለል አይባል።

«ለዚህ ሁሉ ማን ጊዜ አለው?» የሚል ጥያቄ ይቀራል፤ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የምጠይቀው ጊዜ የአራት ወር ነው፤ በቀን ውስጥ ተበታትኖ የሚገኝ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ልጆቹም ዘበኛውም ይጋሩታል። ተከራዮችና ሕፃናት ባሉበት ግቢ ውሻው የሚገለልበት ቦታ ያስፈልጋል ከተባለ በሽቦ የተከለለ ጥግ ይሠራለት፤ እዚያ ውስጥ ይዞራል፣ ከሚያስፈራው ነገር ይርቃል፣ ይተኛል። ለጥቂት ሰዓት ገብቶ የሚወጣበት ክልል ከሰንሰለት ጋር አንድ አይደለም። ወደ መንገድ ሲወጣ በማሰሪያ ይውጣ። «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ተው» የሚሉትን ሦስት ትእዛዞች በቁራሽ ዳቦ ይማር። የሕጉን ተጠያቂነት የሚፈራ ባለቤትም ልብ ይበል፤ አንቀጽ 2071 ውሻው ታስሮ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጉዳት አድርሷል ወይ ብሎ ነው። ከተጠያቂነት የሚያድነው የማይነክስ ውሻ ነው።

ወደ ሌባው እንመለስ፤ ክርክሩ የተጀመረው በእሱ ስም ነውና። ግቢ የሚያጠና ሌባ የታሰረ ውሻ ሲያይ ምን ያያል? የሰንሰለቱን ልክ ያያል። ውሻው ከፊት ለፊት በር ከታሰረ በጓሮ ይገባል። በአጥር ላይ የተመረዘ ሥጋ ቢወረውር፣ «እንዲከፋ» ተብሎ የተራበው ውሻ ሳያሸት ይውጠዋል። ቢጮኽም ባለቤቱ አይነሳም፤ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ነው የዋለው። ያልታሰረ፣ ጠግቦ ያደረ፣ ቤተሰቡን የሚያውቅ ውሻ ግን የግቢው ዙሪያ ሁሉ የእሱ ነው፤ ከጓሮው ኮቴ ሲሰማ ጓሮው ላይ ነው፤ ጩኸቱም በሌላ ጊዜ የማይሰማ ስለሆነ ቤቱን ሁሉ ያስነሳል። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ቢባል ሌባው የሚመርጠው የታሰረውን ነው። ባለቤቱ ለምን ከሌባው ጋር አንድ ምርጫ ይመርጣል?

ቡችላ ለመውሰድ ያሰበ ሰው ሰንሰለት ከመግዛቱ በፊት የአጥሩን ቀዳዳ ይድፈን፣ በሩ በደንብ የሚዘጋ መሆኑን ይይ፣ የክትባቱንና የትል መድኃኒቱን ወጪ ያስላ፣ ከቤቱ ሰው ማን በየትኛው ሰዓት ከቡችላው ጋር እንደሚሆን ይወስን። ይህን የማይችል ወይም የማይፈልግ ሰው ቡችላ አይውሰድ። ለበሩ ጠንካራ ቁልፍ፣ ለግቢው መብራት ይግዛ፤ ሁለቱም ከታሰረ ውሻ የተሻለ ይጠብቁታል።